የእኔ የትኛው ነው?

ሰው የራሱን መርዶ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ምን ይሰማዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይናደዳል እላችኋለሁ። ሌላው ያለቅስ ይሆናል፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንባዬ ሩቅ፣ ቁጣዬ ቅርብ ነው። ዛሬ ብዙ ዓመት ስላለፈው እየሳቅኩ አወራዋለሁ። የዚያን ዕለት አልሳቅኩም።

ነገሩ የጀመረው በማሳከክ ነው። እናቴ ዲላ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ከአባቴ ጋር ከሸዋ መጥተው የከፈቷት ጠባብ ሱቅ ናት፤ አባቴ ካረፈ በኋላ ግን እሷና እኔ ነበርን የምናንቀሳቅሳት። በቡና ጊዜ ገበሬው እጁ ሲረጥብ ሱቃችን መቆሚያ ታጣለች። እኔ አቡጀዲና የመጋረጃ ጨርቅ በሜትር እየለካሁ እቆርጣለሁ፣ እናቴ በዋጋ ትከራከራለች። በአንደኛው የቡና ወቅት ነው እንግዲህ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለሁ፣ ገላዬ ያሳክከኝ የጀመረው። ሽፍታ የለ፣ ቁስል የለ፤ ዝም ብሎ እግሬን፣ ክንዴን፣ ጀርባዬን ይበላኛል። ደንበኛ ፊት ቆሜ በመቀስ እጀታ ጀርባዬን ሳክ ስንቴ አፍሬያለሁ። እናቴ የጨርቁ አቧራ ነው አለች። ቀጥሎ ቁንጫ ነው ብላ አንሶላውን ሁሉ ቀቀለችው። ቁንጫ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ዘሩ በጠፋ ነበር።

ከዚያ ላብ መጣ፤ ስተኛ ደህና ሆኜ ስነሳ ዝናብ የመታኝ መስዬ እነቃለሁ። ቀሚሶቼም ሰፉኝ። በመጨረሻ ከአንገቴ ግርጌ በግራ በኩል አንዲት እብጠት አገኘሁ። ባቄላ ታክላለች። ብጫናት አታመኝም። የማያም ነገር ደግሞ ማን ይፈራል?

ንፍፊት ነው አሉኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ደግሞ የእጢ ቲቢ ነው ተባልኩና መድኃኒት ጀመርኩ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። በአገራችን አንገቱ ላይ እጢ ያበጠበትን ሁሉ ብትሰበስቡ ብዙው ቲቢ ሆኖ ነው የሚገኘው። መድኃኒቱን ሳላዛንፍ ዋጥኩ፤ ሽንቴ ብርቱካን እስኪመስል ዋጥኩ። እብጠቷ ግን ከባቄላ ወደ ዶሮ እንቁላል አደገች፣ ጎኗም ሌሎች ሁለት ወጡ።

በሱቃችን በር ላይ አቮካዶ የሚሸጡ አንዲት የጌዴኦ እናት ነበሩ። አንድ ቀን ሻሼን ገለጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ አንገት ላይ ያለው ነገር አደገ እኮ» አሉኝ። «አንተ መድኃኒት ትበላለህ፤ እሱ ደግሞ አንተን ይበላል። ሌላ ሐኪም ሂድ።» አማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለይ ሁልጊዜ እንደ ወንድ ነበር የሚያናግሩኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን አብረን እንስቅ ነበር። የዚያን ቀን ሻሼን አጥብቄ አሰርኩና ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

የመረመረኝ በቅርቡ ወደ ዲላ ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው። አንገቴን ብቻ ሳይሆን ብብቴን፣ ብሽሽቴን፣ ሆዴን ዳሰሰ። ስለ ላቡ ጠየቀኝ፤ ማሳከኩን ስነግረው ብዕሩን አስቀምጦ ቀና አለ። ከዚያ በፊት ማሳከኬን ቁም ነገር አድርጎ የሰማኝ ሰው አልነበረም። «መድኃኒቱ ይህን ያህል ተወስዶ እጢው ካደገ ሌላ ነገር እንፈልጋለን» አለኝ። በመርፌ የሚቀዳው ጭላፊ ብቻ ነው፣ አንዱን እጢ እንዳለ አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል ብሎ አስረዳኝ። እጢዋ ወጣች፣ መድኃኒት ባለው ብልቃጥ ውስጥ ገባች፤ የምትመረመረው ደግሞ አዲስ አበባ ነበር።

የወሰዷት አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ወንድም። ይርጋጨፌ ላይ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ለአዲስ አበባ መንገድ እንግዳ አይደሉም። ብልቃጧን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በአውቶቡስ ሄዱ። አጠገባቸው የተቀመጠው መንገደኛ «ማር ነው ጋሼ?» ቢላቸው «አዎ፣ የጌዴኦ ማር ነው» ብለውት አረፉ። ውጤቱን ለመቀበልም የሄዱት እሳቸው ናቸው። ተመልሰው ለእኔ «ገና አልደረሰም» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ውሸት በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ አይደበቅም። በጾም ቀን እንቁላል ይጠበስልኝ ጀመር። ጥቅል ጨርቅ ላነሳ ስል ከእጄ ይነጥቁኛል። አንድ ሰው ወደ ጓዳ ስገባ ያስላል፣ ሌላው ወሬ ይቀይራል። እኔ ግን የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነበር፤ እናቴ ልትድረኝ እየመከረች መስሎኝ ነበር።

መርዶ መቼ እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ኃይል አግኝቶ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሳሎናችን የብዙ ሰው ጉሮሮ ሲጠራረግ ሰምቼ ነቃሁ። መጋረጃውን ገለጥ ባደርግ አጎቴ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ የንስሐ አባታችን አሉ፤ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች አሉ። አክስቴ ደግሞ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ ጥግ ይዛለች።

ታላቅ ወንድሜ በሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሌላ ምን ላስብ? «ወንድሜን!» ብዬ ደረቴን መታሁ። እናቴ እየሮጠች መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ኧረ ወንድምሽ ደህና ነው! ትናንት ደውሏል!»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አክስቴ ብቻ ዓይኗን ከእኔ ማንሳት አልቻለችም፣ ጉንጯ ላይ እንባ ይወርዳል። ያን ጊዜ ገባኝ። የንስሐ አባታችን በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ ማንም አልሞተም። ያ ውጤት መጥቶ ነው። የእጢ ካንሰር ነው አሉ፣ ሊምፎማ የሚሉት። እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ።

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «አክስቴ፣ ነጠላሽን አገላብጪው! አልሞትኩም!» የሚል ነበር። ደነገጠችና እዚያው አገላበጠችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቅ አምልጦት በሳል ሸፈነው። እኔ መካከላቸው ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር፤ ግን ቁጣው ፍርሃቱን ቀደመው። ሥጋዬ የእኔ ሆኖ ሳለ ዕድሩ ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል።

ምክሩም አልቆ ኖሯል። ከኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር የአንድ አናጺ ልጅ ባለፈው ክረምት አንገቱ አብጦ አዲስ አበባ ተወስዶ፣ ሬሳው ነበር የተመለሰው። እሱንም ሊምፎማ ነው ብለውት ነበር። አጎቴ ይህን አንስተው «ያው በሽታ ነው» አሉ። «እዚያ በመርፌ ተሰቃይታ ከምታልቅ እዚሁ ጸበሏን ትጠመቅ፣ እናቷም ትያት።» እናቴ እያለቀሰች የእኔን ጣቶች አንድ በአንድ ታሻሻለች።

«ያው መሆኑን ማን ነገራችሁ?» አልኩ። «ጸበሉን አልጠላም፣ እጠመቃለሁ። መጀመሪያ ግን ሐኪሙን እጠይቃለሁ።» ያቺ «ያው» የምትለዋ ቃል አንጀቴን አቃጥላኝ ነበር።

ሰኞ ገና በር ሳይከፈት ሆስፒታል ደጃፍ ደረስኩ። ሐኪሙ ከለቀስተኞች እንደሰማሁ ስነግረው ፊቱ ቀላ። «ውጤቱ ወደ እኔ እንዲመጣ ነበር የጻፍኩት፤ ቅጂው ዓርብ ደርሶኝ ላስጠራሽ ነበር» አለ። ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ስሚ። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ ይሄድባቸዋል። በየመንገዱ ያሉትን እጢዎች እንደ ቡና ኬላ አስቢያቸው፤ የሚያልፈውን ይፈትሻሉ። ፈታሾቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ሊምፎማ ማለት ከፈታሾቹ አንዱ ሥራውን ትቶ ራሱን ማብዛት ሲጀምር ነው።»

«ገባኝ። የአናጺው ልጅም ይኸው ነበር?»

«ስሙ ይኸው ነው። በሽታው ይኸው ነው ማለት ግን አይደለም።»

ሁለት ትልልቅ ወገን አለ አለኝ። አንደኛው ሆጅኪን ይባላል፤ ሌላው ሆጅኪን ያልሆነ ሊምፎማ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሳቄ መጣ። «ስም አጥተውለት ነው?» አልኩት። አንድ ስም ስለማይበቃው ነው አለኝ፤ በዚያ ስም ሥር የታጨቁት በሽታዎች ብዙ ናቸው፣ ከየትኛው ነጭ ሴል እንደተነሱም ይለያያሉ። አንዳንዱ ቀርፋፋ ነው፣ ሰውየው ሳያውቀው ዓመታት አብሮት ይኖራል። አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ ያብጣል። እኔ ቀርፋፋው ደግ፣ ፈጣኑ ክፉ ይመስለኝ ነበር። እንዲህም ቀላል አይደለም አለ። መድኃኒቱ በደንብ የሚይዘው ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሴል ነው፤ ስለዚህ ፈጣኑ በጊዜ ከተደረሰበት ተጠራርጎ ሊጠፋ ይችላል። ቀርፋፋው ደግሞ አብሮ ያኖራል እንጂ ነቅሎ መጣሉ ያስቸግራል። አንድ በሽታ ነው ብዬ የመጣሁት ሴትዮ ጭንቅላቴ ዞረ፤ ግን ዙሩ ደስ የሚል ዙር ነበር። የተለያየ ከሆነ፣ መጨረሻውም የተለያየ ነው ማለት ነዋ።

«የእኔ የትኛው ነው?»

«ሆጅኪን» አለኝ። ቀጥሎም ሲናገር ፈገግ አለ። «መምረጥ ቢቻል ኖሮ ብዙ ሐኪም ይህን ይመርጥልሽ ነበር።»

በማግስቱ እናቴንና አጎቴን ይዤ ተመለስኩ። እኔ ብነግራቸው ሊያጽናኑኝ አዎ አዎ ይሉኛል እንጂ አያምኑኝም ነበር። ሐኪሙ በትዕግሥት ከመጀመሪያው ጀመረላቸው። ሆጅኪን በምን እንደሚታወቅ ሲያስረዳ ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ሴል ሣለ፣ ውስጡ ሁለት ክብ ነገር ያለው። «በማጉያ መሣሪያ ስናየው ዓይኑን ያፈጠጠ ጉጉት ይመስላል» አለ፣ ምስኪኑ ልጅ።

እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። «በስመ አብ! ጉጉት? በልጄ ገላ ውስጥ ጉጉት?» የጉጉት ነገር እናቴ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ጣራችን ላይ አንዴ ቢጮህ ሳምንት ሙሉ ሞት ስትጠብቅ ነው የምትከርመው። አማትባ አማትባ ወደ በሩ ስትሄድ ሐኪሙ ጥፋቱ ገብቶት ተከተላት።

«እማማ፣ ይስሙኝ» አላት። «እርስዎ በጣራ ላይ ሲጮህ ይፈሩታል። እኛ በእጢ ውስጥ ስናገኘው ደስ ይለናል። ሆጅኪን መሆኑን የሚነግረን እሱ ነው። ሆጅኪን ደግሞ በመድኃኒት ሊድን የሚችል ነው፤ ብዙ ሰው ድኖበታል። ሁሉም አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን።»

እናቴ በሩን እንደያዘች ቆመች። «ጉጉቱ ነው የሚያድናት?»

«የትኛውን መድኃኒት እንደምንሰጣት ይነግረናል።»

ተመልሳ ተቀመጠች። አጎቴ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «የአናጺውስ ልጅ?» ብለው ሕመሙን ከነአሟሟቱ ነገሩት። ሐኪሙ ያላየውን በሽተኛ አውቃለሁ ማለት አልፈለገም። በሳምንታት ውስጥ ያን ያህል ካበጠ ከፈጣኖቹ አንዱ ይመስላል፣ አዲስ አበባ የሄደውም ትንፋሹ ካጠረ በኋላ ነበር፤ ከዚህ በላይ አላውቅም አለ። አጎቴ እጃቸውን አወናጨፉ። «የኔ ልጅ፣ ካንሰር ካንሰር ነው።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ቡናስ ቡና አይደለም?» አልኳቸው። «የይርጋጨፌውን የታጠበ ከሌላ አገር ደረቅ ቡና ጋር በአንድ ጆንያ ቀላቅዬ በአንድ ዋጋ ልሽጥልዎት?»

አጎቴ በቀብር ላይ እንኳ ቡና የሚቀላቅል ነጋዴ ቢያገኙ የሚጣሉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደም ለበሰ፣ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረው፣ ድምፃቸው ሙሉ በሙሉ ተለውጦ፣ ደረቷ ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ሆዷስ፣ ምን ያህል ተስፋፍቷል እያሉ እንደ ንግድ ጉዳይ አንድ በአንድ ይመረምሩት ጀመር። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ይዘውኝ የሄዱትም እሳቸው ናቸው።

አንድ ዘመዳችን ቤት አርፌ በየሁለት ሳምንቱ ትልቁ ሆስፒታል እየሄድኩ መድኃኒቱን በደም ሥሬ እወስድ ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ደማቅ ቀይ ነው። ሲገባ አፌ ብረት ብረት ይለኛል፤ ከዚያ ማስመለሱ ይመጣል። ጸጉሬ በማበጠሪያው ተጠቅልሎ ወጣ። ግን ከመጀመሪያው መድኃኒት ጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ስነሳ ገላዬ ዝም ብሏል። አያሳክከኝም። ክንዴን ነካሁት፣ ጀርባዬን አልጋው ላይ አሸሁት፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። መርዶዬን ሲነግሩኝ ያላለቀስኩ ሴት፣ ስላላሳከከኝ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ተራ በምንጠብቅበት ክፍል ሰዎች አገርሽን ሳይጠይቁሽ የሊምፎማሽን ዓይነት ነው የሚጠይቁሽ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ቀርፋፋው ሊምፎማ የደረሳቸው። ሐኪሞቹ ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግዎትም፣ እየተመላለሱ ይታዩ ብለዋቸው ክፉኛ ተቀይመዋል። «ልጆቼ ሐኪም ተስፋ ቆርጦ መለሳቸው ብለው ድንኳን ሊጥሉ ነበር» አሉኝ። የሚጠብቁት ለምን እንደሆነ አሁን እኔ ነበርኩ የማስረዳቸው፤ በሽታው ሳያስቸግር መድኃኒቱ አስቀድሞ ቢያስቸግራቸው ጥቅም እንደሌለው። የራሴን ጆሮ ማመን አቃተኝ። ከጅማ የመጣች እናት ደግሞ መንጋጋዋ ያበጠ ትንሽ ልጅ ይዛ ነበር። ከሁሉ ፈጣኑ ዓይነት ነው ተባለች። ቀን በቀን ያደገው እብጠት በመድኃኒቱ ቀን በቀን ሲጎድል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጅቷ ዳቦ በሁለቱም ጉንጮቿ ስታላምጥ እናትየው ነርሷን አቅፋ ጨፈረች። ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ። ስለ እነሱ ስንጠይቅ ነርሶቹ አቀርቅረው ያልፉናል፣ እኛም ደግመን አንጠይቅም ነበር።

የእኔ እጢዎች ደግሞ ገና ሕክምናው ሳይጋመስ ጠፉ። አጎቴ አንገቴን ዳብሰው «በቃ አለቀ! ቡናም ደርሷል፣ እንሂድ» አሉ። እንዲህ ብለው የቲቢ መድኃኒት አቋርጠው የሞቱ ሰዎች ዲላ ውስጥ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ለጣት የጠፋ ለማጉያው አልጠፋም» አልኳቸው። አጉረመረሙ፣ ቡናቸውን ሊሰበስቡ ሄዱ፣ በቀጠሮዬ ቀን ግን ሳልጠራቸው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እንዲህ ነው የሚወዱኝ።

የመጨረሻው ምርመራ ተደርጎ ውጤት ልንሰማ ስንገባ እዚያ የምታክመኝ ሐኪም ወረቀቱን ይዛ ወደ አጎቴ ዞረች። ወንበሬን ጎትቼ በመካከላቸው አስገባሁት። «ዶክተር፣ አንገቱ የእኔ ነው። ለእኔ ይንገሩኝ» አልኳት። ትንሽ አፈረች፣ ቀጥሎ ደግሞ ወደደችልኝ መሰለኝ፣ አንድም ነገር አልደበቀችኝም። የበሽታው ምልክት አሁን አይታይም። ድናለች ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር ግን ዓመታት ይፈልጋል። ሊመለስ ይችላል። ከተመለሰም ሌላ ሕክምና አለ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ይርጋዓለምን እንዳለፍን አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ለእናትሽ ጨርሶ ድኗል በያት። ሊመለስ ይችላል የምትለዋን እኔና አንቺ እንያዛት። ልቧ አይችልም።»

«አልችልም ጋሼ» አልኳቸው። ተቀየሙኝ።

ዲላ ስንደርስ ጀንበር ዘቅዝቃ ነበር። እናቴ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሴት ጨርቅ እያሳየች ነው። ስታየኝ ጨርቁን ለቀቀችው። ሳልቀመጥ ነገርኳት፣ ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ ምንም ሳልቀንስ፦ አሁን የለም፤ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። አጎቴ በሩ ላይ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደንበኛዋ ቀስ ብላ ወጣች።

እናቴ ብዙ አየችኝ። ጉንጬን፣ አንገቴን፣ ሻሼን።

«ይመለሳል ከተባለ መቼ ነው?» አለች።

«አይታወቅም እማዬ።»

የተዘረገፈውን ጨርቅ ከመሬት አነሣች፣ አራገፈችው፣ አንዱን ጫፍ ለእኔ አቀበለችኝ፣ ሌላውን ራሷ ይዛ ማጠፍ ጀመርን።

«እንግዲያው ቀኑ ለማይታወቅ ነገር ሱቅ አይዘጋም» አለች። «ነገ ገበያ ነው፤ እኔ ጉልበቴን ያመኛል። በጠዋት ተነሺና አንቺ ክፈቺው።»